አቢሲኒያውያን የተባሉ ጃማይካውያን

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጣሊያን ከተማዋን ለቆ ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ንጉሡ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው የጎጃምን ቆላና ደጋ ሲያቋርጡ የአገሬው አርበኞችና የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት አብረዋቸው ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ ተነስተውም ዓባይን ተሻገሩና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ዛሬ በዚያ አቅጣጫ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው የሉማሜን የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ እያየ አልፎ ደጀን ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በረሃውን መውረድ ነው።

የዚህ አገር ገበሬ ንጉሡን የሚያውቃቸው እንግዲህ በቅርቡ ነው፤ ከስደት ሲመለሱ በደጁ አልፈዋል፤ ኋላም ሹማቸውን ልከውበታል፤ ግብራቸውንም ጥለውበታል። ባሕር ማዶ፣ ጃማይካ በምትባል ደሴት ላይ ግን ጨርሶ አይቷቸው የማያውቅ ሰው ለእኒሁ ንጉሥ ይዘምር ነበር። ከዚያ ዝማሬ መሐል ሦስት ድምፃውያን ወጡ። ስማቸውን «ዘ አቢሲኒያንስ» አሉ።

ነገሩ ከዘውዱ በዓል ይጀምራል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተደረገው የንግሥ ሥርዓት በዓለም ጋዜጦች ሲወጣ፣ የማርከስ ጋርቪን «ወደ አፍሪካ ተመልከቱ» የሚል ትምህርት ሲሰሙ ያደጉ ድሃ ጃማይካውያን ፎቶግራፉን እንደ ትንቢት ፍጻሜ ተቀበሉት። ሌናርድ ሃወል የሚባል ሰባኪ የንጉሡን ፎቶግራፍ ባንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር፤ የገዙት ብዙዎቹም ወደ ኢትዮጵያ የሚያሳፍራቸው ፓስፖርት መስሏቸው ነው። የቅኝ ገዢው መንግሥት ሃወልን በአመፅ ቅስቀሳ ከሶ አሰረው። የሚገርመው፣ ዘሩን የዘራው ጋርቪ ራሱ ንጉሡ ከማይጨው በኋላ ወደ እንግሊዝ መሄዳቸውን በጽሑፉ ክፉኛ ወቅሷል። ተከታዮቹ አልሰሙትም። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ንጉሡ በጦርነቱ ዘመን ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ የሚኖሩ ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ተስፋው አድራሻ አገኘ።

ከዚያ ቀኑ መጣ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የንጉሡ አውሮፕላን ኪንግስተን አጠገብ በሚገኘው ፓሊሳዶስ አየር ማረፊያ አረፈ። ከየኮረብታው የወረደው፣ ከየሠፈሩ የጎረፈው ሕዝብ አጥሩንም የክብር ዘቡንም ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ፤ ሞተሩ ገና ሳይበርድ ክንፉ ሥር ገብቶ ከበሮ የሚመታም ነበር። ንጉሡ በሩ ተከፍቶላቸው ብቅ ካሉ በኋላ ሕዝቡን አይተው ወደ ውስጥ ተመለሱ። መንግሥት የሚይዘው የሚጨብጠው ቢጠፋው ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ፣ ንጉሡን አምላክ ከሚሉት ከራስተፈሪያን ወገን የሆነ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን መንገድ አስለቀቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ ራስተፈሪያን በጃማይካ ፖሊስ የሚያሳድደው፣ ጸጉሩን የሚላጨው፣ አሠሪ የማያስጠጋው ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ከአገሪቱ ሹማምንት ፊት የንጉሡ አስተናጋጅ እሱ ሆነ። የደሴቲቱ ሙዚቃ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጣት ዘፋኞች ስለ ፍቅርና ስለ ዳንስ መዝፈኑን ሳይተዉ ስለ ጽዮን መዝፈን ጀመሩ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በርናርድ ኮሊንስና ዶናልድ ማኒንግ የሚባሉ ሁለት የኪንግስተን ወጣቶች ቡድን መሠረቱ። ሦስተኛ ድምፅ አድርገው የያዙት ልጅ ትምህርት እያለበት ልምምድ ስለሚቀር የዶናልድ ወንድም ሊንፎርድ ተተካ። ማኒንጎች ዘፈን የቤታቸው ነው። ታላቅየው ካርልተን የራሱ ቡድን ነበረው፤ ስሙም «ካርልተን ኤንድ ሂዝ ሹስ» ነበር፤ «ካርልተንና ጫማዎቹ» እንደ ማለት። «ሼድስ» ሊባል ታስቦ የሸክላው ወረቀት ላይ ማተሚያ ቤቱ ስለተሳሳተ «ጫማ» ሆኖ ቀረ ይባላል።

ያ ዓመት በኛ አቆጣጠር 1960 መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ዓመት ጎጃም ተነስቶ ነበር። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው «ዛሬ ግብር፣ ነገ ቀላድ፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን» አለ። መሬቱን ሊለካና ሊገምት የመጣውን ኮሚቴ አባረረ። ከሞጣና ከቢቸና እስከ ደብረ ማርቆስ ዙሪያና እስከ ዳሞት ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ፤ በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የነበረውም ቂም አንድ ላይ ፈነዳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ላከ፤ ከአየር የተደበደቡ መንደሮች ነበሩ። በመጨረሻ ግን ንጉሡ ለቀቅ አደረጉ፤ ደጃዝማቹ ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ኪንግስተን ውስጥ አንድ ወጣት ስለ ንጉሡ አገር ዜማ ሲያወጣ እዚህ ደግሞ የንጉሡ አገር ገበሬ የንጉሡን ግብር ሰብሳቢ ያሯሩጥ ነበር። አንዱ የሌላውን ወሬ አልሰማም። ቢሰማም የሚያምነው አይመስለኝም።

የእነ ኮሊንስ የመጀመሪያ ዘፈን የማኒንጎችን ታላቅ ወንድም የካርልተንን «ሃፒ ላንድ» የሚባል ዘፈን መነሻ አድርጎ የተሠራ ነው። ሐሳቡን ሰፋ፣ አገሩን ራቅ፣ ዜማውን ከበድ አደረጉት። መጠሪያውን «ሳታ ማሳጋና» አሉት። ዶናልድ አማርኛ ከመጽሐፍ ይለቅም ነበርና «ሰጠ» እና «አመሰገነ» የሚሉትን ሁለት ግሦች ጎን ለጎን አቁሞ «ምስጋና ስጡ» ለማለት ነው የፈለገው። የጎጃም ቅኔ ተማሪ ቢሰማ «ማን ሰጠ? ማንስ አመሰገነ?» ብሎ ሰዋስው ማገላበጡ አይቀርም። ለእነሱ ግን ቃሉ የአገሩ መሆኑ በቂ ነበር፤ በኋላም ሌሎች ዘፈኖቻቸውን «ይመስገን»፣ «መብረቅ»፣ «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ» እያሉ ሰይመዋል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1969 ሦስቱ ብሬንትፎርድ መንገድ ወዳለው ስቱዲዮ ዋን ገቡ። ስቱዲዮው የክሌመንት ዶድ ነው፤ ሰዉ «ኮክሰን» ይለዋል። የጃማይካ ሙዚቃ ግማሹ ከዚህ ግቢ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተቀዳው ዘፈን የዚያን ጊዜውን የደሴቲቱን ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነበር። አብዛኛው ዘፈን ደስ ደስ በሚል ቅኝት ሲሄድ ይሄኛው ኀዘን በተቀላቀለበት ቅኝት ይጀምራል። መጀመሪያ የነፋስ መሣሪያዎች አንድ አጭር ሐረግ ይጥላሉ። ሥሩን የያዘው ቤዝ ጊታር የሌሮይ ሲብልስ ነው፤ ሲብልስ ራሱ የ«ሄፕቶንስ» ድምፃዊ ነበር። ቤዙ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይራመዳል። ከዚያ ሦስቱ ድምፆች ይገባሉ፤ አንዱ መርቶ ሁለቱ የሚያጅቡት ዓይነት አይደለም፤ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ነው የሚሄዱት። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው መቋሚያቸውን ተደግፈው በለሆሳስ የሚያዜሙ ካህናትን ያስታውሰው ይሆናል። ማንም አይጮኽም፤ ማንም አይቸኩልም። የማደንቃቸው በዚህ ነው። በኋላ ብዙዎች ዘፈኑን መልሰው ተጫውተውታል፤ አብዛኛው ግን ሲያፈጥነው ወይም ሲያስጌጠው ያበላሸዋል።

ዶድ ሰማውና አላወጣውም። እምነት የበዛበት ዘፈን ነው፤ አይሸጥም ብሎ አሰበ። ካሴቱ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ተኛ። በዚህ መሐል ቡድኑ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ «ዲክላሬሽን ኦቭ ራይትስ» የሚለውን ሁለተኛውን ታላቅ ሥራውን ቀዳ፤ እዚህ ላይ ሲብልስ በድምፁም አግዟል። ይሄኛው ስለ ሩቅ አገር አይደለም፤ በሰው አገር ተረግጦ ስለሚኖር ሕዝብ መብት ነው። እንደኔ እንደኔ ለጎጃም ገበሬ ይህኛው ይቀርበው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስቱ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ዶድ ተመለሱና የዘፈኑን ዋና ካሴት በ90 ፓውንድ ገዙት። ይህ በታሪካቸው ውስጥ ከዘፈኑ ቀጥሎ የማደንቀው ሥራቸው ነው። የዚያን ዘመን የጃማይካ ድምፃዊ ለአንድ ዘፈን ጥቂት ፓውንድ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ካሴቱ፣ ሸክላው፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ትርፍ ሁሉ የአምራቹ ነው። እነዚህ ግን «ክሊንች» የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቁመው፣ ሸክላውን አስቀርጸው አወጡት። ዘፈኑ ተሸጠ፤ ተሸጠ ብቻ ሳይሆን የራስተፈሪያን ስብሰባ መዝሙር ሆነ። አይሸጥም ያለው ዶድም ነቃና እሱ ጋ የቀረውን ሙዚቃ እያወጣ፣ አንዴ በመሣሪያ ብቻ፣ አንዴ ንግግር ተጨምሮበት፣ መሸጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ የጃማይካን የሸክላ ንግድ ትንሽ መግለጽ ያስፈልጋል። ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ ባንድ ፊቱ ዘፈኑን፣ በሌላው ፊቱ ድምፁ የተቀነሰለት ሙዚቃውን ይይዛል፤ ይህን «ቨርሽን» ይሉታል። በየመንደሩ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ተክለው የሚያስጨፍሩ ሰዎች ቨርሽኑን ከፍተው ማይክ ላይ ይናገሩበታል፤ ነገሩ ሲወደድ ንግግሩ ራሱ ሌላ ሸክላ ይሆናል። «ሳታ» በዚህ መንገድ ከተባዙት ዜማዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ቢግ ዩዝ ተናገረበት፤ ዲሊንጀር ተናገረበት፤ ቡድኑ ራሱ «መብረቅ» ብሎ የብሉይ ኪዳን ንባብ አነበበበት። «ሠርድ ወርልድ» የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ አስገባው። ባለቤቶቹ ከዚህ ሁሉ ያገኙት ግን ስም ነው፤ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ጃማይካ ገብታ ነበር። የተላኩት አባት፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ንጉሡ አምላክ እንዳልሆኑ እያስተማሩ በሺህ የሚቆጠሩ ራስተፈሪያንን አጥምቀዋል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ተጠማቂው ብዙ ጊዜ ጥምቀቱን ይቀበልና እምነቱን አይጥልም። ቦብ ማርሌም ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተጠመቀው በእኒሁ አባት እጅ ነው፤ የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞታቸው ተነገረ። ኪንግስተን ይህን ዜና አልተቀበለም፤ ማርሌ በዚያው ሰሞን «ጃ ላይቭ» የሚል ዘፈን አወጣ፤ አልሞተም ማለቱ ነው። በዚሁ ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ባንድ ብዕር ነካ። ጎጃሜው በ1960 ጠመንጃ ያነሳለት ርስት ተሻረ፤ የሻሸመኔው ጃማይካዊም ንጉሡ ከሰጡት መሬት አብዛኛውን አጣ።

«ዘ አቢሲኒያንስ» የመጀመሪያ አልበማቸውን የሠሩት ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ክላይቭ ሃንትና ጄፍሪ ቻንግ ተሳትፈውበታል። ንጉሡ የሉም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ ሽብር ሊጀምር ነው፤ አልበሙ ግን ወደ ጽዮን ጉዞ እንደ ቀጠለ ነው። በአንዳንድ አገር «ፎርዋርድ ኦን ቱ ዛየን»፣ በሌላ አገር በዋናው ዘፈን ስም ተሸጠ። ከተሸጠው ውስጥ ብዙው ያለ ፈቃድ የተባዛ ነበር። ለኔ ከሬጌ አልበሞች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያለ ጉድለት ከሚሰሙት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ አገራችንን እንዳልነበረች አድርጎ ማቅረቡ ይህን አይቀንሰውም። የሚዘፍኑላት ኢትዮጵያ ከመዝሙረ ዳዊትና ከራእይ መጽሐፍ የተሠራች ናት፤ ደጋ የላትም፣ ገበሬ የላትም፣ ግብር ሰብሳቢም የላትም።

ሁለተኛው አልበም «አራይዝ» እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። ቨርጂን የሬጌ ሥራዎቹን በሚያወጣበት «ፍሮንት ላይን» በኩል እንግሊዝ ደረሰ፤ አድማጩም ሰፋ። ሲቀዳ ግን ሦስቱ መነጋገር አቁመው ነበር ማለት ይቻላል። ኮሊንስ ለቀቀ። በቦታው የጫማዎቹ ባለቤት ካርልተን ገባና «ዘ አቢሲኒያንስ» ሦስት ወንድማማቾች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሞንቴጎ ቤይ በተደረገው «ሬጌ ሰንስፕላሽ» ላይ የታዩት እነዚህ ናቸው። በዓመቱ ቡድኑ ፈረሰ። ኮሊንስ ብቻውን አንዳንድ ሸክላ አወጣ፤ ከዚያ ዝምታ ነው።

በዝምታው ዘመን ክሩ ከእኛ ሰዎች እጅ ገባ። ዘለቀ ገሠሠና ጓደኞቹ ከኢትዮጵያ ወጥተው ቺካጎ ላይ «ዳሎል» የተባለውን የሬጌ ባንድ ይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1986 «ዋይልድ ሄር» የሚባል የሬጌ ክበብ ከፈቱ። የቦብ ማርሌ ልጅ ዚጊና እህት ወንድሞቹ እ.ኤ.አ. በ1988 «ኮንሽየስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም ሲሠሩ ያጀቧቸው እነዚህ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አልበሙ ግራሚ ተሸለመ። ጃማይካውያን ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲዘፍኑ ከርመው አሁን የሬጌው ቤዝ በኢትዮጵያዊ ጣት ተመታ። የኔ ትውልድ ይህን የሰማው ዘግይቶ ነው፤ እንደኛ ባለ የመንገድ ዳር ከተማ ሬጌ የሚገባው በሹፌሮች ካሴት ነበርና ዘፋኙ እንጂ አጃቢው ማን እንደ ሆነ የሚነግር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሃርትቢት የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ የመጀመሪያውን አልበም በአዲስ መልክ አወጣው። ሲዲው ሲሸጥ የአውሮፓ አዘጋጆች ቡድኑን መፈለግ ጀመሩ፤ ግን የትኛውን? ኮሊንስ አንድ «ዘ አቢሲኒያንስ» አቋቁሞ ነበር፤ ማኒንጎች ደግሞ ሌላ። ሁለቱም በዚያው ስም፣ በዚያው ዘፈን ገበያ ወጡ። በ90 ፓውንድ አንድ ላይ የገዙት ካሴት አሁን የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ የሚያሳዝን ቢሆንም ከሬጌ ቡድኖች ታሪክ ውስጥ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ሦስቱ፣ በርናርድ፣ ዶናልድና ሊንፎርድ፣ ተመልሰው ተገናኙና አዳዲስ ዘፈኖች ቀዱ።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሬጌ በአማርኛ የሚዘፍን ሰው ማግኘት አላስቸገረም። እዮብ መኮንን «እንደ ቃል» በተባለው አልበሙ አሳመረው፤ በ2005 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። ኃይሌ ሩትስ ደግሞ ሬጌን ከኛ ችክችካ ጋር አዳቅሎ «ችጌ» አለው። በ6 የሚቆጠረውን ችክችካችንን በ4 ከሚቆጠር ሬጌ ጋር ማስማማት አድካሚ ነው፤ አንዳንዱ ሙከራ ሲደናበር ይሰማል፤ ሲገጥም ግን የጎጃም ትከሻም ያውቀዋል።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መንግሥት ሻሸመኔ ለሚኖሩት ራስተፈሪያን መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ባለ መታወቂያው ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ይችላል፤ ዜግነት ግን አይሆንለትም። ወረቀት ሳይኖራቸው ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆቻቸው ግን ከሠፈር እኩያ ጋር ሲጫወቱ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀያይራሉ፤ ዶናልድ ማኒንግ ከመጽሐፍ እየለቀመ ያገጣጠመውን ግሥ ያለ ስህተት ያረባሉ።